ነገ እጽፈዋለሁ

 

በቅርቡ አንድ ጁምዓ ሶላት አብቅቶ ከአንዋር መስጊድ ስወጣ አንድ የማውቀው ወጣት ነጋዴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። መርካቶ ውስጥ የብትን ጨርቅ ሱቅ አለው። ልጅ ሳለ ቁርኣን ያቀራሁት በመሆኑ እስከ ዛሬ «ኡስታዝ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ከያዘው ፌስታል ውስጥ ሽፋኑ የተላላጠ አንድ ደብተር አውጥቶ ሰጠኝ። አባቱ በወጣትነታቸው ከወሎ ተነስተው፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው፣ አዲስ አበባ እንዴት እንደገቡ በትረካ መልክ የጻፈው ታሪክ ነው። ሳላጋንን እናገራለሁ፤ ልጁ መጻፍ ይችላል። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ይሰማል፤ ብርዱ ይሰማል። ግን ታሪኩ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ይቆማል። መኪናው ጣርማ በር ላይ ተበላሽቷል፤ ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ በጉም ውስጥ ቁጭ ብሏል። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ባዶ ነው።

«ከዚህ በኋላስ?» አልኩት።

«ከዚህ በኋላማ ኡስታዝ፣ አባቴን ልጠይቃቸው ነበር። ሥራው ቀለል ሲልልኝ፣ ረመዷን ሲያልፍ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ እያልኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ባለፈው ሻዕባን ወደ አኼራ ሄዱ።»

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልን፤ ለአባቱም ዱዓ አደረግን። ከዚያ ግን የምመክረው ነገር ፈልጌ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቤት መሳቢያ ውስጥ «ነገ እጽፈዋለሁ» የተባለ፣ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ ጽሑፍ አለኝ። ስለዚህ ቀጥሎ የምለውን እንደ ጨረሰ ሰው ሳይሆን፣ አብሮ እንደ ተወቀሰ ሰው ቁጠሩልኝ።

በመጀመሪያ ከመንገዳችን ላይ አንድ ድንጋይ እናንሳ። ከመካከላችን ግጥም መግጠም፣ ታሪክ መተረክ የዛዛታ ሥራ ነው፣ ሙስሊም በዚህ ጊዜውን ሊያባክን አይገባም የሚሉ ወንድሞች አሉ። ፍራቻቸው ከኢማን የመነጨ ስለሆነ አናቃልለውም። ይሁን እንጂ አላህ (ሱ.ወ) በብዕርና በሚጽፉት ነገር የማለው፣ አንድ ሱራም በብዕር ስም የተሰየመው በከንቱ አይደለም። የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሲነግረን ከትረካዎች ሁሉ ያማረው እንደሆነ ገልጾልናል። በሱረቱ-ሹዐራእ መጨረሻ ላይ ባለ ቅኔዎችን ከወቀሰ በኋላ፣ ያመኑትን፣ መልካም የሠሩትንና አላህን በብዙ ያወሱትን ከወቀሳው አውጥቷቸዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሐሳን ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) በመስጊዳቸው ውስጥ ቆሞ ግጥሙን የሚያሰማበት ሚንበር አስቀምጠውለት ነበር። ልብ ወለድ ውሸት ነውና አይፈቀድም ለሚለውም፣ የበስራው ሐሪሪ ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት ሃምሳ መቃማቱን ሲጽፉ ይኸው ጥያቄ ቀርቦላቸው በመቅድማቸው መልስ ሰጥተውበታል። መጽሐፋቸውንም ዑለማዎች ለዐረብኛ ትምህርት ሲያስቀሩት ኖረዋል። በነገራችን ላይ ሐሪሪ ሥራ ፈት አልነበሩም፤ በበስራ የመንግሥት ሹመት ነበራቸው። እንግዲህ መልካም ነገር እንዲያስታውስ፣ ግፍን እንዲያጋልጥ፣ የወገንን ሕይወት እንዳይረሳ እንዲያደርግ ተነይቶበት የተጻፈ ትረካ ዛዛታ አይባልም። ሙግቱን እዚህ ላይ ልተወው፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችንን ከመጻፍ የከለከለን የፊቅህ ጥያቄ ሳይሆን ሱቅ፣ ቢሮ፣ ታክሲ ሰልፍና የቤት ኪራይ ነው።

ባንጽፍ ምን ይቀራል? ይህን ጥያቄ በአንድ ምሳሌ ልመልሰው። ግብጻዊው ነጂብ አል-ኪላኒ (እ.ኤ.አ. 1931–1995) የሕክምና ዶክተር ነበሩ። በ1950ዎቹ ታስረው ሳለ እስር ቤት ውስጥ የጻፉት ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1957 የግብጽ ትምህርት ሚኒስቴር ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዐረብ ኤምሬቶች በጤና ሥራ ላይ አገልግለዋል። ቀን በሽተኛ የሚያክም፣ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ነው እንግዲህ በአሥሮች የሚቆጠሩ ልብ ወለዶችን የጻፈው። ከነዚህ አንዱ «አዝ-ዚሉል አስወድ»፣ ማለትም «ጥቁሩ ጥላ» ይባላል። ስለ ማን የተጻፈ ይመስላችኋል? በ1909 ዓ.ም ከሥልጣን ስለወረዱት ስለ ልጅ ኢያሱና ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች!

እኔ ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ደስታና ሐፍረት በአንድ ላይ ያዙኝ። ደስታው ሩቅ አገር ያለ ወንድማችን በሽተኛውን አክሞ ሲጨርስ ስለ እኛ ማሰቡ ነው። ሐፍረቱ ደግሞ ግልጽ ነው። የእኛ አያቶች ልጅ ኢያሱን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። ወሎ ውስጥ ሲተርኩላቸው የኖሩ ነበሩ። ያ ሁሉ ትረካ ከነሱ ጋር አፈር ገባ። እሳቸው የአገሩን ብርድ ሳያውቁት ጻፉት፤ እኛ ብርዱን እያወቅን «ሥራ በዛብን» አልን።

ሌላም ልጨምር። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ፣ ሼህ ጦልሓ ኢብኑ ጃዕፈር ሕዝቡን ለመቋቋም ካነሳሱት መካከል ነበሩ። እሳቸው ግን ከመታገል አልፈው በአማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል፣ አጀሚ በምንለው ጽሕፈት፣ መንዙማ ገጥመዋል። ከእሳቸው ይልቅ የእኛ ኑሮ ይበልጥ የተጨናነቀ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ወደ እኛው ዘመን እንምጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ሙስሊምና አብረውት የቆሙ ክርስቲያን ወገኖቹ ለእኩልነት አደባባይ ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዒዶቻችን በአገር ደረጃ እንዲከበሩ የሚል ነበር። በዚያ ቀን ሃያ ዓመት የሆነው ወጣት ዛሬ ሰባውን አልፏል። ምን ጫማ አድርጎ ወጣ? እናቱ በር ላይ ቆመው ምን አሉት? ጎረቤቱ ክርስቲያን አብሮት ሲወጣ ምን ተባባሉ? የታሪክ መጽሐፍ ቀኑንና ጥያቄውን ይመዘግባል። የእናቲቱን ቃል የሚያስቀምጠው ተራኪው ነው። ያ ሰው ምናልባት እናንተ በምትሰግዱበት መስጊድ፣ ሁለተኛው ሰፍ ላይ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይሰግድ ይሆናል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ሩጫ መካከል እንዴት ይጻፍ? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ወጣት ሰሐባ ሕይወት ውስጥ ነው፤ ከዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ)። ዐብዱላህ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። አንዳንድ የቁረይሽ ሰዎች፣ ነቢዩ ሰው ናቸው፣ ሲቆጡም ሲደሰቱም ይናገራሉ፣ አንተ ሁሉንም ትጽፋለህን ብለው ከለከሉት። እሱም ብዕሩን አስቀመጠ። ኋላ ግን ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያነሳ ወደ አንደበታቸው እያመለከቱ እንዲጽፍ አዘዙት፤ ከዚያ የሚወጣው እውነት ብቻ መሆኑንም በመሐላ ነገሩት። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ያ የጻፈው ስብስብ «አስ-ሷዲቃ» በሚል ስም ታወቀ። ልብ በሉ፤ ብዕሩን ያስጣለው ሥራ መብዛቱ አልነበረም፤ የሰው ወሬ ነው። ከእኛም ውስጥ ስንቱ ነው «ጊዜ አጣሁ» የሚለው፣ እውነቱ ግን አንድ ወዳጁ «አንተ ደግሞ ደራሲ ልትሆን?» ብሎ ስለሳቀበት የተወው?

ይኸው ዐብዱላህ በሌላ በኩል ከመጠን ያለፈ ትጉህ ነበር። ቀኑን ሁሉ ይጾማል፤ ሌሊቱን ሁሉ ይቆማል፤ ቁርኣንን በየሌሊቱ ያኸትማል። አባቱ ያጋቡት ሚስት ባል እንደሌላት ሆነች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ሰውነቱ፣ ዓይኑ፣ ሚስቱና እንግዳው በእሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስገነዘቡት። በወር ሦስት ቀን እንዲጾምም መከሩት። እሱ «ከዚህ የበለጠ እችላለሁ» እያለ ሲከራከር ኖሮ በመጨረሻ አንድ ቀን መጾም አንድ ቀን መፍታት ላይ ቆመ። ዕድሜው ገፍቶ ጉልበቱ ሲደክም፣ የያኔውን ማቅለያ በተቀበልኩ ኖሮ ብሎ ተመኝቷል። ይሁንና አልተወውም። ለሌሊት የመደበውን የቁርኣን ክፍል ቀን ላይ ለቤተሰቡ እያነበበ፣ ሌሊት እንዲቀልለው ያደርግ ነበር። ለምን ቢባል፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሲለያዩ የነበረበትን ነገር መተው ስላልፈለገ ነው። እሳቸውም ቀደም ሲል፣ ሌሊት ይቆም እንደነበረና በኋላ እንደተወው ሰው እንዳይሆን አስጠንቅቀውት ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

እርግጥ ይህ ስለ ኢባዳ የተነገረ ነው። የግጥም ደብተርን ከሌሊት ሶላት ጋር አላስተካክልም። ነገር ግን የሰው ልጅ ጉልበት አንድ ስለሆነ ትምህርቱ ለዚህም ይጠቅመናል። እኛ የምንጀምረው ዐብዱላህ እንደጀመረው ነው፤ በአንድ ሌሊት ሙሉውን ለማኽተም። በረመዷን ዋዜማ ወይም ከሥራ ፈቃድ በወጣን ቀን ወረቀት እንገዛለን፤ «በዚህ ዓመት መጽሐፍ አወጣለሁ» ብለን እንምላለን። ሦስት ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት እንጽፋለን። በአራተኛው ቀን ሱብሒ ያመልጠናል፤ ሚስት ታኮርፋለች፤ በሥራ ቦታ እናንቀላፋለን። በአምስተኛው ቀን ደብተሩ መሳቢያ ይገባል። የዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘገባ፣ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን ያስተምረናል። ይህን ሐዲስ ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ደብተራችን ግን አያውቀውም።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። በቀን አምስት መስመር። ከዚህ አይበልጥ። የደብተሩ ገጽ ሃያ አራት መስመር ቢይዝ፣ በዓመት 76 ገጽ ይሆናል። በሁለት ዓመት ደህና መጽሐፍ ነው። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ «ፈትሑል ባሪ»ን በ817 ዓመተ ሂጅራ ጀምረው የጨረሱት በ842 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት! በዚህ መካከል አስተምረዋል፤ በግብጽ ዋና ቃዲነት ተሹመዋል፤ ተሽረዋል፤ ተመልሰው ተሹመዋል። ከተማሪዎቻቸው ጋር በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኙ የተጻፈውን ያስተያዩ ነበር። ሥራው ያለቀው ፋታ ስላገኙ አይደለም።

«አምስቱንስ መስመር መቼ?» ለሚለኝ፣ የሙስሊም ቀን አስቀድሞ በአምስት ቦታ የተከፈለ መሆኑን አስታውሰዋለሁ። ከሱብሒ በኋላ ያለችው ሰዓት የታወቀች ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለኡመታቸው በማለዳው በረካ እንዲደረግ ዱዓ አድርገዋል። ሐዲሱን ያስተላለፈው ሰኽር አል-ጋሚዲይ (ረ.ዐ) ነጋዴ ነበር፤ ንግዱን በማለዳ እየላከ ሀብታም እንደሆነ ተዘግቧል። የመርካቶ ሰው ይህን ሐዲስ ሱቁን በጊዜ ለመክፈት ይጠቅሰዋል። መልካም ነው። ከበረካው ሩብ ሰዓት ለብዕር ቢሰጥ ሱቁ አይዘጋበትም። ማለዳ የማይሆንለት ከዐስር በኋላ ይሞክር። በታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመም በያዘው ስልክ ላይ፣ የሰው ጠብ ከሚያይበት፣ አንድ አረፍተ ነገር ማስቀመጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ በርጫ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አማናዬን የበላሁ ይመስለኛል። በዚህች ከተማ በየቀኑ ከዙህር እስከ መግሪብ የሚጻፈው መጽሐፍ ብዛት ወሰን የለውም! ፍራሽ ላይ ጋደም ተብሎ፣ ምርቃናው ሲመጣ ምዕራፉ ይከፈላል፤ ርዕሱ ይወጣል፤ ሽፋኑ ሳይቀር ይመረጣል። ሲነጋ ግን የሚገኘው ገረባ ብቻ ነው። ወንድሞቼ አትቀየሙኝ፤ ከእነዚያ ጨዋታዎች ውስጥ ደርሼ የሰማኋቸው አንዳንድ ታሪኮች ከታተሙት የሚበልጡ ነበሩ። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። «ጊዜ የለኝም» የሚለው ሰው አራት ሰዓት ቁጭ ብሎ ሲያወራ፣ የጎደለው ጊዜ ነው ለማለት ይቸግራል።

ጊዜ በእርግጥ የሌላቸው ግን አሉ። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እህት በጻፈችልኝ ደብዳቤ እንዲህ ትላለች፦ «ከማግባቴ በፊት ግጥም እጽፍ ነበር። አሁን ሦስት ልጆች አሉኝ። ከሱብሒ በፊት ተነስቼ ቁርስ እሠራለሁ፤ ሥራ እውላለሁ፤ ማታ የምቀመጠው ሁሉም ሲተኛ ነው። እናንተ ወንዶች ስለ ጊዜ አጠቃቀም ስትጽፉ የማንን ጊዜ ይሆን የምትሉት?» ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእሷ አምስት መስመር ጻፊ ብሎ መምከር ቀላል ነው። ምክሩ የሚገባው ግን ለባሏ ነው፤ ለእኔም ጭምር።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከመዲና ዳርቻ በሚኖሩበት ጊዜ ከአንድ የአንሷር ጎረቤታቸው ጋር ተራ ገብተው ነበር። አንድ ቀን አንደኛው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ወርዶ የዕለቱን ወህይና ወሬ ይዞ ሲመለስ፣ ሌላኛው በሥራው ላይ ይውላል። በማግስቱ ይለዋወጣሉ። ቡኻሪ ዘግበውታል። ዑመር እንኳ ሥራና ዕውቀትን ብቻቸውን ማስኬድ ከብዷቸው ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት። ይህን ተራ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ባለ ሱቆች ሊጋሩት ይችላሉ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ደንበኛውን ያስተናግድለታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ባልና ሚስት ይጋሩት። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ በቤተሰባቸው አገልግሎት ላይ እንደነበሩና የሶላት ጊዜ ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግራለች። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ልጆቹን ይዞ መስጊድ የሚሄድ አባት፣ ለሚስቱ አንድ ሰዓት ሰጠ ማለት ነው። ያቺን ሰዓት በምግብ ሥራ እንዳታሳልፋት ደግሞ እራቱን ቀለል ያለ ይሁን ብሎ መቀበል አለበት። ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጽሕፈት ያስተማረቻት ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ሴት ነበረች፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ያውቁ ነበር፤ አልከለከሉም። ለዚያች እህት የመለስኩላት መልስ ይህን ብቻ ነው፦ ደብዳቤሽን ባልሽ ያንብበው። እስካሁን አንብቦት እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዕር ሲይዙ ሶላት የሚያሳልፉ፣ «መንፈሱ መጥቶብኛል» ብለው እናታቸውን የሚያስኮርፉ አጋጥመውኛል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በረካ የለውም። አዛን ሲል ዐረፍተ ነገሩን ግማሽ ላይ ትቶ መነሣት ይቻላል፤ እንዲያውም ሲመለሱ ከየት እንደሚጀምሩ ማወቅ ሥራውን ያቀልላል።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። ያን ቀን ስንለያይ ከላይ ያልኩትን ሁሉ አልነገርኩትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት፦ «አባትህ በዚያ መኪና ላይ ብቻቸውን ነበሩ?»

ትንሽ አሰበና «የለም፤ አብረዋቸው የመጡ አንድ የአገራቸው ሰው ነበሩ። ኮልፌ ናቸው። በሕይወት አሉ» አለኝ።

ከአራት ሳምንታት በኋላ እዚያው አንዋር በር ላይ አገኘሁት። እሑድ እሑድ ከዐስር በኋላ ኮልፌ ይሄዳል። ሽማግሌው ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይነግሩታል። የነገሩትን ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ሱቁን ሳይከፍት በፊት አምስት አምስት መስመር ይጽፋል። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ብቻ ይሆናል አለኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩት። አሥራ ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሷል። መኪናው ተጠግኗል፤ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል እየወረደ ነው። አባቱ ከጭነቱ ላይ ሆነው፣ ለሱብሒ ውዱእ የሚያደርጉበት ውኃ የት እንደሚገኝ ጓደኛቸውን ይጠይቃሉ።

ወሏሁ አዕለም።